በትምህርት በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ መሥራት፦ በኮልፌ ቀራንዮ ለሚጀምር ሠራተኛ የተዘጋጀ መመሪያ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በትምህርት ላይ የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ሥራዎች በአንዱ ላይ ይመድበዋል፤ የማጠናከሪያ ትምህርት አስተባባሪ፣ በስፖንሰር የሚረዱ ልጆችን የሚከታተል ማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም የፕሮጀክት ኦፊሰር። መጠሪያው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚመዘኑት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ድርጅቱ የያዘው ልጅ ማንበብ ቻለ ወይ? የታደለው ደብተር ብዛት፣ የተሰጠው ሥልጠና ቁጥር፣ የተነሣው ፎቶግራፍ ይህን ጥያቄ አይመልስም። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አካሄድ ሁሉ የተቃኘው በዚሁ ጥያቄ ነው።

ሥራው በምዕራብ አዲስ አበባ የቆየ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አስፋው የምሩ ገና የጀነራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ፣ በአቅራቢያው ባለው የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተጠለሉ የጎዳና ልጆችን ሰብስበው ሜዳ ላይ ፊደል ማስቆጠር ጀመሩ። በዚህ መልክ የተጀመረው አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ክፍያ የማይጠየቅበት፣ ዱላ የማይነሣበት ሆኖ ለዐሥርት ዓመታት የድሃ ልጆችን ሲያስተምር ኖሯል። መሥራቹ ያረፉት በ2013 ዓ.ም. ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሕንፃና በጀት የመጡት ኋላ ነው፤ አስቀድመው የነበሩት ልጆቹና ፊደሉ ናቸው። ዛሬ ብዙ ፕሮጀክት የሚነደፈው በተቃራኒው ስለሆነ ይህን ቅደም ተከተል ማስታወስ ለአዲስ ሠራተኛ ይጠቅማል።

ከማመልከት በፊት

መጀመሪያ የሚጣራው ድርጅቱ በሕግ የተመዘገበ መሆኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአገር ውስጥም ሆነ የውጭ ድርጅት የሚመዘገበው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። የምዝገባ ምስክር ወረቀት እንዲያሳይ የተጠየቀ ድርጅት ቅር ሊለው አይገባም፤ ጥርጣሬ ካለም ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይቻላል። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ ላይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘውን ገንዘብ በገቢው 10 በመቶ ገድቦት ስለነበር፣ ብዙ ድርጅቶች የሕፃናትን መብት ከሰነዳቸው አውጥተው ወደ አገልግሎትና ወደ ዕደላ ዞረው ነበር። ሕጉ ከተለወጠ በኋላም ልማዱ በአንዳንዱ ዘንድ አልጠፋም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የገንዘቡ ምንጭ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀናት ሲያግድ፣ በዚያ ገንዘብ ሲሠሩ የነበሩ ድርጅቶች ሥራ እንዲያቆሙ የታዘዙት በቀናት ውስጥ ነበር። ስለዚህ በቃለ መጠይቅ ላይ «ፕሮጀክቱ የሚያልቀው መቼ ነው? ስንት ለጋሾች አሉት? ከአገር ውስጥ የሚሰበሰብ ገቢስ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሥራውን በቁም ነገር የያዘ ሰው ጥያቄ ነው። እንደ ሜሪ ጆይ ልጆችን ከአገር ውስጥ ስፖንሰሮች ጋር ማገናኘት የለመዱ ድርጅቶች አንድ ለጋሽ ሲጎድል የሚሸከማቸው ሌላ ትከሻ አላቸው።

ውሉን ማንበብ

በዘርፉ የሚሰጠው ውል በአብዛኛው በፕሮጀክቱ ዕድሜ የተወሰነ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ለጡረታ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። እነዚህ በውሉ ላይ ባይጻፉም ሕጉ ይሠራል፤ ተጽፈው ማየቱ ግን ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። በበጎ ፈቃድ የሚጀምር ወጣት ደግሞ ቢያንስ የሥራውን ዓይነት፣ የሚቆይበትን ጊዜና የመጓጓዣ አበሉን የሚገልጽ ደብዳቤ መያዝ ይኖርበታል።

ሰፈሩን ማወቅ

ኮልፌ ቀራንዮ አንድ ዓይነት ሰፈር አይደለም። ከጦር ኃይሎች የቀላል ባቡሩ መጨረሻ ጀምሮ በአለርትና በዘነበወርቅ አልፎ ወደ አየር ጤና፣ ዓለም ባንክና ቤቴል የሚወርደው ወገን አንድ ነው፤ በ18 ማዞሪያና በአጠና ተራ ያለው ወገን ሌላ ነው። በዘነበወርቅ ዛሬ አለርት የሚባለው ሆስፒታል ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም ስለኖረ፣ ለሕክምና መጥተው እዚያው የቀሩ ሰዎችና ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። እነዚህ ቤተሰቦች ለረጅም ዘመን ከሰው ተገልለው የኖሩ በመሆናቸው ሠራተኛው የቀረበለትን ቡና ጠጣ አልጠጣ፣ እጅ ጨበጠ አልጨበጠ በዓይናቸው ይከታተላሉ።

ከዚያው አጠገብ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ መጣያ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከክምሩ ፕላስቲክና ቆርቆሮ ለቅሞ በመሸጥ በሚኖር ቤት ልጁ ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ቀን የገቢ ቀን ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ መቅረቱን እንደ ስንፍና ይቆጥረዋል።

አጠና ተራና አካባቢው የጉራጌ፣ የስልጤ፣ የዶርዜ፣ የኦሮሞና የአማራ ቤተሰቦች ጎን ለጎን የሚኖሩበት ነው። ልጁ በአማርኛ እየተማረ እቤት በሌላ ቋንቋ የሚያወራ ሊሆን ይችላል። አርብ ከቀትር በኋላ፣ በረመዳን፣ በዓቢይ ጾም መጨረሻና በበዓል ዋዜማ የሚያዝ ስብሰባ ባዶ አዳራሽ ይጠብቀዋል። በመጀመሪያው ወር አካባቢውን በእግር መዞር፣ የዕድር ዳኞችን፣ የወረዳውን የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን መተዋወቅ ቢሮ ቁጭ ብሎ ፕሮፖዛል ከማንበብ ይበልጣል።

ትምህርት ቤቱ

ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚገባው በወረቀት ነው። ድርጅቱ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር የተፈራረመው የፕሮጀክት ስምምነት ሊኖር ይገባል፤ ከክፍለ ከተማው ወይም ከወረዳው የትብብር ደብዳቤ ተይዞ ወደ ርዕሰ መምህሩ ይኬዳል። ከርዕሰ መምህሩ ቀጥሎ ዩኒት ሊደሩን፣ የአማርኛ መምህራኑንና የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱን ሰብሳቢ ማነጋገር ያስፈልጋል። ብዙ ፕሮጀክት የሚሰነካከለው እዚህ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ፈቅዶ መምህሩ ሳይጠየቅ የቀረ ዕቅድ ክፍል ውስጥ አይገባም።

ከዚያ በፊት ግን መንግሥት አስቀድሞ የሚሰጠውን ለይቶ ማወቅ ግድ ነው። ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ፣ የደንብ ልብስና የደብተር አቅርቦት በራሱ በጀት ይዟል። ደብተርና ልብስ በማደል ላይ የቆመ የቀድሞ ፕሮጀክት በዚህ ምክንያት ቦታው ጠብቧል፤ ሠራተኛው ለድርጅቱ አለቆች ይህን በግልጽ መንገር ይኖርበታል። የጎደለው ሌላ ነው፤ የማንበብ ልምምድ፣ ተቆልፎ ያልተቀመጠ የልጆች መጽሐፍ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ጸጥ ያለ ክፍል፣ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ፣ የዓይን ምርመራና መነጽር። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የከፈቱት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ያሳየው መጽሐፉ ልጁ እጅ ሲገባ ልጁ እንደሚያነብ ነው፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን በዕርዳታ የመጣ መጽሐፍ እንዳይጠፋ ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ያረጃል።

የዘመን አቆጣጠር ጉዳይም አለ። ትምህርት የሚጀምረው መስከረም ላይ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር የሚያልቀው ጥር ላይ፣ ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ ላይ ነው። የመንግሥት በጀት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይሄዳል፤ ብዙ የውጭ ለጋሾች ደግሞ ዓመታቸውን የሚዘጉት ታኅሣሥ ላይ ነው። ገንዘቡ ሳያልቅ ዓመቱ ደረሰ ተብሎ የፈተና ሳምንት ላይ መምህራንን ለሥልጠና መጥራት የተለመደ ጥፋት ነው። ዕቅዱ የሚሠራው የትምህርት ቤቱ ካላንደር ፊት ለፊት ተዘርግቶ ነው።

ልጁ ያነባል ወይ?

በ2010 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የዝቅተኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንድ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በሌላው ጫፍ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ችግር መነሻና መድረሻ ናቸው። ስለዚህ ማጠናከሪያ ትምህርትን በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ፈተና ጥያቄዎች ብቻ መሙላት፣ ምንም እንኳ ወላጅም ርዕሰ መምህርም የሚወዱት ቢሆን፣ ንባብ ለሌለው ልጅ የሚፈይደው ጥቂት ነው።

ምዘናው ቀላል ነው፤ ወረቀት፣ እርሳስና ጸጥ ያለ ጥግ ይበቃዋል። ልጆች አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ይደረጋል፣ የሚሳቅበት ልጅ አፉን ይዘጋልና። መጀመሪያ ፊደል በቅደም ተከተሉ ሳይሆን ተዘበራርቆ ይቀርባል፦ ቄ፣ ሹ፣ ጦ፣ ዥ፣ ኒ። ሀ ሁ ሂን እስከ መጨረሻው እንደ ዘፈን የሚወርደው ልጅ ቄን ለብቻዋ ሲያያት ከቀ ተነሥቶ በጣቱ እየቆጠረ ሊደርስባት ይሞክራል። ያ ልጅ ፊደሉን ሸመደደ እንጂ አልለየም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከጥንት ያውቁ ነበር፤ ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት የሽምደዳውን መስመር ሰብረው ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ እንዲያውቀው ነው።

ከፊደሉ በኋላ አምስት የታወቁ ቃላት፣ ከዚያ ከመማሪያ መጽሐፉ ያልተወሰደ የአራት ዓረፍተ ነገር አንቀጽ፣ በመጨረሻም ስለ አንቀጹ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። አንቀጹ ከመጽሐፉ የተወሰደ ከሆነ ልጁ ገጹን በቃሉ ሊወጣው ይችላል። ውጤቱ የሚመዘገበው ልጁ በቆመበት ደረጃ ነው፤ ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ፣ ትርጉም። «ጎበዝ» ወይም «ሰነፍ» የሚል ቃል በመዝገቡ ላይ አይጻፍም። ምዘናው በጥቅምት፣ በየካቲትና በግንቦት ከተደገመ ለውጡ በግልጽ ይታያል።

የማጠናከሪያ ቡድኖቹ የሚመደቡትም በዚሁ ውጤት ነው። የ3ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆች ሁለቱም ቃል ላይ ከቆሙ አብረው ይቀመጣሉ። በህንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ያስፋፋው አሠራር ይኸው ነው፤ ልጆች ለጊዜው ከክፍላቸው ወጥተው በችሎታ ደረጃቸው ይማራሉ። የ5ኛ ክፍሉ ልጅ ከታናናሾቹ ጋር በመቀመጡ እንዳያፍር፣ ለእነርሱ መጽሐፍ ማደል ወይም ሰዓት መያዝን የመሰለ ኃላፊነት ይሰጠዋል። ለሚያስተምሩት መምህራን የሚከፈለው የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠንና ቀን ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይያዛል፤ ክፍያው ሲዘገይ መጀመሪያ የሚቀሩት ጥሩዎቹ መምህራን ናቸው፣ የሚያስጠኑበት ሌላ ቤት አያጡምና።

የቤት ለቤት ጉብኝት

ጉብኝት የሚደረገው ቀን ተነግሮ ነው። በድንገት የሚገባ ሠራተኛ የሚያገኘው የተሸማቀቀ ቤተሰብ ነው። በዕድሜ የገፉትን እማማ፣ አባባ፣ ጎልማሶቹን እትዬ፣ ጋሼ ማለት፣ እናትን በልጇ ስም ጠርቶ ማክበር፣ በአንቱታ መናገር ለወጣት ሠራተኛ ያስፈልጋል። ቡና ከተፈላ ቢያንስ አቦሉን ሳይጠጡ መነሣት ንቀት ይመስላል፤ ስለዚህ በአንድ ከሰዓት የሚያዘው ሦስት ቤት ቢሆን ይበቃል። ዐሥር ቤት ያዳረሰ ሠራተኛ ያዳረሰው በሩን ነው።

ለምሳሌ እናት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥበትን አንድ ክፍል ቤት መውሰድ ይቻላል። ምጣዱ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ጢሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ አምፖሉ የተሰቀለው ከአልጋው በላይ ነው። ልጁ የሚያጠናው አልጋው ጫፍ ላይ ሲሆን፣ ማታ እናቱ ሊጥ ስታቦካ ታናሽ እኅቱን የሚይዘው እርሱ ነው። እዚህ ቤት «ለምን አታጠናም?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። «ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምን ምን ይሠራል?» ብሎ መጀመር፣ እናት እስክትጨርስ መስማት፣ ከዚያ ሕፃኗ ተኝታ ልጁ ለግማሽ ሰዓት መጽሐፍ የሚይዝበትን ሰዓት ከእርሷ ጋር መፈለግ ይሻላል። እናት ማንበብ ባትችልም ልጇ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብላት መስማት ትችላለች፤ ሲያቆም «ከዚያስ?» ብላ መጠየቅም ትችላለች። ከብዙ የወላጆች ሥልጠና ይልቅ ይህ ይሠራል።

በጉብኝት ላይ ቃል አይገባም። ለጨዋነት የሚባለው «እናያለን» በችግር ላለ ሰው ጆሮ «እሺ» ነው። የማይቻለውን እዚያው «ይህ በእኛ አቅም አይደለም» ማለት፣ የሚመለከተውን ቢሮ ማመልከትና ከተቻለም አብሮ መሄድ ይገባል። ቅጹ የሚሞላው በቤተሰቡ ፊት ሳይሆን ከወጡ በኋላ፣ ነገር ግን ሳይመሽ ነው። የልጅ ፎቶግራፍ፣ የጤና ሁኔታና የቤተሰብ ታሪክ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይወሰድም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ከሥነ ምግባርም አልፎ የሕግ ግዴታ ነው። ዕርዳታ የሚቀበል ድሃ «እምቢ» ለማለት አቅም እንደሚያጥረው አውቆ፣ ፎቶው ባይነሣም ድጋፉ እንደማይቀር አስቀድሞ መንገር የሠራተኛው ፈንታ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ይደነግጋል። መምህር ልጅ ሲመታ ያየ ሠራተኛ በልጆች ፊት አይጋጭም፤ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ ያሳውቃል፣ ለድርጅቱም ይጽፋል። አንድ ልጅ ጥቃት እንደደረሰበት ከተናገረ ምስጢር ለመጠበቅ ቃል አይገባለትም፤ በጥያቄም አይዋከብም። የተናገረው በራሱ ቃላት ተጽፎ ሳይዘገይ ለድርጅቱ የሕፃናት ጥበቃ ተጠሪ፣ በእርሱም በኩል ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ይደርሳል።

ገንዘብና ወረቀት

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የኦዲት ክፍያና የባንክ አገልግሎት ክፍያ የሚቆጠሩት እዚያ ውስጥ ነው። የመስክ ሠራተኛው ሂሳብ ያዥ ባይሆንም እያንዳንዱን ወጪ ከየትኛው የሥራ መስመር እንደሚቆረጥ ማወቅ አለበት። ለግዥ በድርጅቱ መመሪያ መሠረት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ቦታ፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ሕጋዊ ደረሰኝ ይያዛል፤ አበል የሚከፈለው ተቀባዩ በስሙ አንጻር ፈርሞ ነው። ያልተገኘ ሰው ስም ላይ መፈረም፣ በማንም ትእዛዝ ቢሆን፣ ወንጀል ነው።

በጀት ሲነደፍ የዋጋ ነገር አይዘነጋም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በብር የተፈረመ ስምምነት ያለው ድርጅት ለወረቀትና ለሕትመት የያዘው ገንዘብ ሳይነካ አቅሙ ወርዷል። እንዲህ ሲሆን የሚቀነሰው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ይሻላል፤ የአዳራሽ ኪራይና ባነር መጀመሪያ፣ የመምህራን ክፍያና መጽሐፍ መጨረሻ።

ሪፖርት

ሪፖርቱ «300 ልጆች ተጠቃሚ ሆነዋል» በሚል ከጀመረ ምንም አልነገረም። በጥቅምት ፊደል ላይ ከነበሩት ስንቱ በግንቦት አንቀጽ አነበቡ? ስንቱ ባሉበት ቀሩ? ያቋረጡትስ የት ሄዱ? ያልተሳካው ከነምክንያቱ ይጻፍ። ለለጋሹ የሚላከው ሪፖርት አጭር ቅጂ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ለርዕሰ መምህሩና ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ መነበብ አለበት፤ ቁጥሩ ስለ ልጆቻቸው ነውና ስሕተቱን ከማንም በፊት የሚያዩት እነርሱ ናቸው።

ርክክብ

ፕሮጀክት ያልቃል፣ ሠራተኛም ይለቅቃል። ከመዝጊያው ስድስት ወር በፊት ለትምህርት ቤቱና ለወላጆች ቀኑ ይነገራል። የንባብ ክፍሉን ቁልፍ የሚይዝ መምህር ይሰየማል፤ መጽሐፎቹ ተቆጥረው በትምህርት ቤቱ ንብረት መዝገብ ይገባሉ። የስፖንሰር ልጆች ፋይል ለሚተካው ሠራተኛ የሚሰጠው በአካል፣ ቢያንስ አስቸጋሪ ሁኔታ ያለባቸው ቤተሰቦች ዘንድ አብሮ በመሄድ ነው። የልጆቹ የመጨረሻ የንባብ ደረጃ ዝርዝር ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ አንዱ ለርዕሰ መምህሩ አንዱ ለአማርኛ መምህራኑ በፊርማ ይሰጣል፤ መስከረም ላይ ልጆቹን ከቆሙበት የሚያስቀጥሏቸው እነዚህ መምህራን ናቸው።